የሚሄደው ተራራ ወራሽ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚመጣው ከወተት ጋር ነበር። ወተቱን ከሊበን ገጠር ወደ ነገሌ የሚያመጡልን አዮ ጡዬ የሚባሉ የቦረና ሴት ነበሩ፤ «አዮ» እንደ እኛ «እማማ» ያለ ነው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ወተታቸውን ይሸጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ይመለሳሉ። መኪናው ካመለጣቸው ግን እኛ ዘንድ ያድራሉ፤ ያደሩ ቀን ደግሞ ተረት አለ። ስለዚህ ያኔ የእኔ ዱዓ አንድ ብቻ ነበር፤ የአዮ ጡዬ መኪና ጎማው ይተንፍስ። ዱዓዬም ብዙ ጊዜ ይሰማ ነበር፤ በዚያ መንገድ ጎማ ለመተንፈስ ሰበብ አይፈልግም።

አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ከጦር ሰፈሩ አለፍ ብሎ ባለው አቧራማ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ሽርጥ፣ ጀሪካን፤ ከብቱን ነድቶ ከተማ የገባ ሰው ሲመለስ የሚያስፈልገው ሁሉ ነበረን። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አለ፣ ከቤቱ ጀርባ ግቢ። የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፣ ሙኒራ፤ ከእኔ በታች ወንድሜ ነስሩ አለ፣ ያኔ ገና ንፍጡን በእጅጌው የሚጠርግ። አባቴ ፊደል ሳልቆጥር በፊት ያስተማረኝ ሰላምታ ነው። ከሊበን ወይም ከአሬሮ የመጣ ሰው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ወዲያው «ስኳር ስጠኝ» አይልም። «አካም? ናጋ?» ብሎ፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው ወይ ብሎ ይጀምራል። ቤተሰቡ ሰላም ነው ወይ፣ ልጆቹ ሰላም ናቸው ወይ፣ ከብቱስ፣ ሣሩስ፣ ዝናቡስ፤ አንተም በተራህ ትጠይቃለህ፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ስኳሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ሰላም እንደነሳቸው ይቆጠራል፤ ሰላም ከነሳህ ሰው ደግሞ ስኳር አይገዛም። አባቴ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠኝና «እስቲ አንቺ ተቀበያቸው» ይለኝ ነበር። እኔም በዚያች ቀጭን ድምፄ የሽማግሌውን በረት ሙሉ ከብት ደህንነት ጠይቄ ስጨርስ ሽማግሌው አገጬን ይዘው ይስቃሉ።

ማታ የከተማው ጄኔሬተር ጸጥ ሲል እናቴ ኩራዙን ትለኩሳለች። ግቢው መሐል የግራር ከሰል የሞላበት ምድጃ ይቀመጣል፤ ከሰሉ ደህና ካልተቃጠለ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ያኔ ግን ጭሱን ሸሽቶ ቦታውን የሚለቅ ልጅ አልነበረም፣ የለቀቀ ቦታው ይወሰድበታላ። የአዮ ጡዬ ጮጮ፣ የወተት ዕቃቸው፣ በእንጨት ጭስ የታጠነ ስለነበር እሳቸው በተቀመጡበት ሁሉ የጭስና የወተት ሽታ አብሮ ይቀመጣል። የጦር ሰፈሩ ልጆች፣ አባቶቻቸው ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወታደሮች የሆኑት፣ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ ይመጣሉ። አባቴም ሱቁን ዘግቶ፣ የደከመው መስሎ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። የማይሰማ ያስመስላል እንጂ፣ አዮ አንድ ነገር ከዘለሉ ዓይኑን ሳይገልጥ «ፈረሶቹስ?» ይል ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ረጅሙ የአባ ጋራ ቤት ተረት ነው። አንድ አገር አለ፣ ተራራው የሚሄድ። አራት እግር አለው፤ ሲራመድ የሚያስነሳው አቧራ ፀሐይን ቀይ ያደርጋታል። ሰዉም ከብቱም ደኑም ጀርባው ላይ ነው የሚኖረው። ተራራው ውሃ ወዳለበት ካልሄደ ሁሉም በጥም ያልቃል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዝዘው ደግሞ አንገቱ ላይ በተሠራው የዝሆን ጥርስ መንበር የሚቀመጠው ጌታ ነው። ያ ጌታ አባ ጋራ ይባላል፣ የተራራው አባት። ሲሞት ወንድ ልጁ ይተካል፣ እሱም አባ ጋራ ይባላል፤ እንዲህ እያለ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ከአንድ ቤት ሳይወጣ ይኖራል። የዚያ ቤት ሰዎች ጉም የሚጠጡ ፈረሶች አሏቸው፣ የነብር ለምድ ይደርባሉ፣ ሲያልፉ ዛፍ እንኳ ጎንበስ ይላል ይሉ ነበር አዮ። በሌሎች ተራሮች ላይ የሚኖሩ መሳፍንት ደግሞ ያ ቤት የሚወድቅበትን ቀን እጃቸውን እያሹ ይጠብቃሉ።

አዮ ጡዬ እዚህ ሲደርሱ ሁሌም ይናደዱ ነበር። በቦረና ሥልጣን በገዳ ሥርዓት ነው፤ ስምንት ዓመት ሲሞላ ለተተኪው ይተላለፋል። አንድ ሰው እስኪሞት ድረስ መንበር ላይ መቀመጡ ለእሳቸው ተራራ በእግሩ ከመሄዱ ይበልጥ የማይታመን ነገር ነበር። «ስምንት ዓመት ሞላ፣ አስረክብ! ዓይኑ ጠፋ፣ ጥርሱ ረገፈ፣ አሁንም ተቀምጧል። ሰው ነው መዥገር?» ይላሉ። የወታደሮቹ ልጆች ጌታ የሚገዛው እስኪሞት ነው ብለው ይሟገቷቸዋል፤ አዮም «ላኪ፣ የለም! እናንተ አገር መዥገር ይበዛል» ብለው ይመልሳሉ። አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ ሆዱ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየው ነበር።

አባ ጋራው ሁለት ልጆች አሉት። ትልቋ ሎኮ የምትባል ሴት ናት፣ ታናሽየው ዋርዮ የሚባል ወንድ። ሎኮ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማልዳ እየተነሳች ተራራው አንገት ላይ ትንበረከክና ሰላም ትለዋለች። «አካም አደርክ ጋራዬ? ጀርባህ ናጋ? ጉልበትህ ናጋ? የተኛብህ ሰው አልከበደህም?» ተራራው ጠጠር ቁልቁል እያንከባለለ ይመልስላታል። ዋርዮም ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እዚህ ላይ አዮ ሚዛናቸው ትክክል ነበር። ደግ ነው፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ጦር ሲወረውር አይስትም። ተራራ ሰላም እንደሚባል ግን ማንም አልነገረውም።

ሽማግሌው ጌታ ሲሞት ዋርዮ መንበሩ ላይ ተቀመጠና «ተነሥ! ወደ ውሃ ሂድ!» ብሎ ጮኸ። ተራራው አልተነሣም። ጮኸ፣ ለመነ፣ በሬ አሳረደ፤ ተራራው እንደተኛ ነው። ምንጩ ደረቀ፣ ጥጆች ወደቁ፣ የጎረቤት መሳፍንት ተራሮቻቸውን እየነዱ ቀረቡ። የቤቱ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው መከሩ። ተራራው የሚሰማው ሎኮን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ሴት ደግሞ በዚያ መንበር ተቀምጣ አታውቅም። ስለዚህ ከመንበሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ። ሎኮ ከጉድጓዱ ገባች፣ ዋርዮ ከላይ ተቀመጠ፤ እሷ ከሥር በሹክሹክታ ሰላምታውን አደረሰች፣ እሱ ከላይ «ተነሥ!» አለ፣ ተራራው ተነሣ። እልልታው ለዋርዮ ቀለጠ። ሎኮም ዕድሜዋን በሙሉ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አረጀች፣ ቤቱም ዳነ። አዮ ጡዬ ተረታቸውን እዚህ ይጨርሱና የምድጃውን ፍም በጫፏ በጠቆረች እንጨት ይቆሰቁሱታል።

ይህን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ቀን ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ «ውሸት!» አልኩ። የወታደሮቹ ልጆች ሳቁ። እኔ ግን አላቆምኩም። «ተራራው የሚሰማው እሷን ነው! ለምን ትደበቃለች?»

«ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ፣ ቤቱ ዳነ አይደል? ከብቱ ጠጣ፣ ሰው ጠጣ» አሉኝ።

«እሷስ?»

 አዮ ቆጣ ብለው፣ ተረቱን እሳቸው እንዳልሠሩት፣ ከእናታቸው እንደተቀበሉት፣ እናታቸውም ከእናታቸው፣ እሳቸውም እንዳለ እንደሚያስረክቡት ነገሩኝ። አባቴ ከግድግዳው ሥር ሆኖ «ተረት ነው ልጄ፣ ግቢና ተኚ» አለ። ገባሁ እንጂ አልተኛሁም። በማግስቱ ጠዋት አዮ «አካም፣ ናጋ?» ሲሉኝ ፊቴን አዞርኩ፤ በእኛ ከተማ አንድ ልጅ ሽማግሌ ላይ ሊያደርገው የሚችለው የመጨረሻው ድፍረት ነው፣ እናቴም በቁንጥጫ ከፈለችኝ። ከዚያ ወዲያም ተረቱን ደጋግመው ነግረውናል። እኔ ግን ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ሲያነሱ ከእሳቱ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ሄጄም ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ፣ ምናልባት ዛሬ እንቢ ትል ይሆናል እያልኩ። አንድም ቀን እንቢ አላለችም።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ አባቴ ሞተ። የበልጉ ዝናብ ሊገባ ሲል ሳል ጀመረው፣ ዝናቡ ሳይወጣ ቀበርነው። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አይሆንልኝም። ከቀብር መልስ የሱቁ በር ላይ ቆሜ፣ በዚህ በር ዳግመኛ አይገባም ሲባል እንዴት ዝም ይባላል ብዬ መናደዴን አስታውሳለሁ። አዎ፣ ከማልቀሴ በፊት ተናደድኩ፤ አፈጣጠሬ ነው።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ከድር ከአዲስ አበባ መጣ፣ ከአገር ቤትም ሁለት ሽማግሎች አስከትሎ። እውነቱን ልናገር፣ ከልቡ አለቀሰ። የለቅሶው ቀናት እንዳለፉ ግን ከእናቴ ቁልፉን ተቀብሎ ሱቁን ከፈተ፣ በአባቴም ወንበር ላይ ተቀመጠ። «የወንድሜ ቤት አይበተንም» አለ። አለመበተን ማለት ለእሱ ይህ ነበር፦ ወራሹ ወንዱ ልጅ ነስሩ ነው፤ ነስሩ እስኪያድግ ሱቁን ከድር ይመራል፤ እናቴና ነስሩ አገር ቤት ይገባሉ፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሄጄ የከድርን ሚስት በቤት ሥራ አግዛለሁ። ስለ ትምህርቴ ያነሳ የለም። ነስሩንም የጠየቀው የለም፤ የቤቱ ራስ ተብሎ የታጨው ልጅ በዚያች ሰዓት ግቢ ውስጥ ዶሮ ያባርር ነበር።

ከድር ሰነፍ ነጋዴ አልነበረም፣ መርካቶን አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ነገሌን ነው። በከፈተ ማግስት ከሊበን አንድ ሽማግሌ መጥተው ባንኮኒው ጋ ቆሙና «አካም? ናጋ?» አሉት። «ምን ልስጥዎት?» አላቸው። ሽማግሌው ያልተሰሙ መስሏቸው «ወሪ ናጋ? ሆሪን ናጋ?» ብለው ቀጠሉ፣ ቤተሰቡ ሰላም ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ተረጎምኩለት። ከድር «ከብት የለኝም በያቸው። ሊገዙ ነው የመጡት ሊያወጉ?» አለኝ። ይህንንም ልተረጉም አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሽማግሌው ግን ፊቱን አይተው ገባቸው። ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም፤ እንዲያ ሲወጡ ነው የሚያስፈራው። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የአባቴ ደንበኞች ከብታቸውን እየነዱ በደጃችን አልፈው ከማዶ መግዛት ጀመሩ፤ ከድርም ሰዎቹ ሐዘናችንን ስለሚያከብሩ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ሽማግሎቹ ነገሩን ለመጨረስ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል ነበሩ። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦባቸው ለለቅሶ የዘገዩት አዮ ጡዬም በዚያን ቀን ደርሰው ከእናቴ ጎን ነበሩ። ከድር ሐሳቡን ዘረዘረ። እናቴ በትንሽ ድምፅ፣ ልጄ ቋንቋውንም ሥራውንም ታውቀዋለች፣ እኔና እሷ እንይዘዋለን አለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ ከድር፤ ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ከሁለቱ ሽማግሎች አንዱ፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ የሚያስታርቅ ያሉትን ሐሳብ አመጡ። «ልጅቱ ለጊዜው አትሂድ። ከድር ከወንበሩ ይቀመጥ፤ እሷ ከኋላው ትቁምና ሰላምታውን ቀስ ብላ ትንገረው፣ እሱ ይበለው። ሰዉም ይመለሳል፣ ቤቱም ይድናል።»

ሁሉም «ይሁን፣ ደግ ነው» አለ። እናቴ እንኳ ተንፈስ ስትል ሰማኋት። ለእነሱ መልካም እርቅ ነበር፤ እኔ ግን ዶማው ሲነሳ አየሁ።

«አልቆምም» አልኩ። ድምፄ የወጣው ካሰብኩት በላይ ነው። «ከወንበር ሥር አልገባም! እኔ ሎኮ አይደለሁም!»

ሽማግሎቹ ተያዩ። «ሎኮ ደግሞ ማናት? ጎረቤት ናት?» አሉ አንደኛው። ከሴቶቹ በኩል አዮ ጡዬን ሳል ያዛቸው። እኔ ማቆም አቅቶኝ ነበር። አዲስ አበባም እንደማልሄድ፣ አባቴ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠኝ ከኋላው ቁሚ እንዳላለኝ፣ የሚመጣውን ሰው በስሙ፣ ከብቱን በቀለሙ የማውቀው እኔ እንደሆንኩ፣ ሰላምታዬን ለማንም እንደማላውስ ሁሉንም ተናገርኩ። ከድር ቀበቶውን እየነካካ ተነሣ። ያኔ እናቴ፣ በባሏ ዘመዶች ፊት ቀና ብላ የማታውቀው እናቴ፣ መሐላችን ገብታ «ንካትና ታያለህ!» አለች። ሽማግሎቹ ነገሩ ለነገ ይደር ብለው ተነሡ።

ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ቁልፉ ከከድር ጋ ቢሆንም ከቤት ወደ ሱቁ የሚያስገባውን በር የምንዘጋው በመወርወሪያ ነበር፤ እናቴ መወርወሪያውን አነሣችልኝ። ጎሕ ሲቀድ የሱቁን መስኮት ከውስጥ ከፍቼ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት በደንብ አይደርስም ነበር። ከድር ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም።

«ተነሺ።»

«አልነሳም።»

«በወንድሜ ወንበር ላይ!»

«በአባቴ ወንበር ላይ» አልኩት።

ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። እግሬን ከወንበሩ እግር ጋር ጠልፌ ስለነበር ወንበሩም አብሮኝ መጣ፤ አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ እኔ እየተንቋቋ ስንጎተት ሽማግሎቹ በደጅ ደረሱ። ከእነሱ ኋላም ጮጯቸውን ያዘሉ የወተት ሴቶች፤ አዮ ጡዬ ከፊት ነበሩ። ከድር ክንዴን ሳይለቅ በሌላ እጁ ባንኮኒውን እየመታ «ምን ልስጣችሁ? ምን ልስጣችሁ?» አላቸው።

አዮ ጡዬ ወደ ባንኮኒው ቀረቡ። በቦረና ወግ እንግዳ መጀመሪያ ሰላም የሚለው የቤቱን ባለቤት ነው፤ የመጀመሪያው «አካም» ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከድርን አዩት። በጓዳው በር ዳቦውን እየገመጠ የቆመውን ነስሩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። እኒህ ሴት ከእናታቸው የተቀበሉትን አንዲት ቃል ሳይለውጡ የሚያስረክቡ ሰው ናቸው፤ በእናታቸው ተረት ደግሞ የእኔ ቦታ የት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ለከድር ሰላም ካሉት፣ ጉድጓዱ ያኔውኑ ተቆፍሮ ማለቁ ነው።

«አካም፣ ሙኒራ» አሉ። «ናጋ?»

«ናጋ» አልኩ።

ቤተሰቡ ሰላም ነው? ሰላም ነው። እናትሽ፣ ወንድምሽ ሰላም ናቸው? ሰላም ናቸው። ከብቱ? አንዲት ፍየል እንኳ ያልነበረን ሰዎች፣ ከብታችን ሁሉ ሰላም ነው አልኳቸው። ሣሩ፣ ዝናቡ፣ አባቴ ያረፈበት አፈር። ተራዬ ሲደርስ እኔም ጠየቅኳቸው፤ ጥጆቹን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ ጎርፉ የቆረጠውን መንገድ፣ የዋሉበትን ሠርግ ሳይቀር። እንዲያ ያለ ረጅም ሰላምታ ከዚያ በፊትም በኋላም ተለዋውጬ አላውቅም። ከድር ያን ሁሉ ጊዜ ክንዴን እንደያዘ ነው። ልቀቅ ያለው የለም፤ ራሱ ለቀቀኝ። አዮ ሲጨርሱ ሁለተኛዋ ሴት ቀረበች፣ «አካም፣ ሙኒራ»፤ ሦስተኛዋም። ከሴቶቹ ኋላ ያ ዱላቸውን አንሥተው የወጡት ሽማግሌ ቆመው ነበር። በመጨረሻ እርቅ ያመጡት ሽማግሌ የከድርን ትከሻ ነካ አድርገው «ና እባክህ፣ እኛ ውጭ እንቀመጥ» አሉት።

ከድር በማግስቱ ሄደ። ሴት የምትመራው ቤት የወንድሜ ቤት አይደለም አለ፣ ቃሉንም ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ለሠርግ የጠራን፣ ለሐዘን የላከብን ዘመድ የለም፤ አያቴ ስትሞት እንኳ የሰማነው ከተቀበረች በኋላ ነው። እናቴ በዚህ ብዙ አልቅሳለች፣ እኔም ዛሬ ስጽፈው ያመኛል። ዋጋው ይህ መሆኑን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም ኖሮ እግሬን ከዚያ ወንበር አላላቅቅም ነበር። ጠዋት እናቴ ትሸጣለች፣ እኔ እማራለሁ፤ ከሰዓት እኔ እቀመጣለሁ፤ እንዲህ አድርገን ሱቁንም ትምህርቴንም አወጣናቸው። ነስሩ ሲጎረምስ ሰው ሁሉ አሁንስ ወንዱ ይረከባል ብሎ ጠበቀ። ነስሩ ከባንኮኒ ኋላ ግማሽ ቀን ሳይቀመጥ ወደ ሜጋ ከተማ የሚመላለስ ሹፌር ጋ ረዳት ሆኖ ጠፋ፣ ዛሬ የራሱን መኪና ይነዳል፤ ሲመጣ ስኳር እያነሣ በነጻ ይወስዳል።

አዮ ጡዬም ቢሆኑ በዋዛ የለቀቁኝ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሲቆጥሩ ኖረው ኖሮ፣ አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ ተደግፈው «ስምንት ዓመት ሞላሽ፣ ለማን ታስረክቢያለሽ?» አሉኝ። ለማንም አልኳቸው። «አያችሁ መዥገሯን!» ብለው ወተት የሚያስቀዱትን ሰዎች ሁሉ አሳቁብኝ። ስቀው ሲጨርሱ የጠየቁትን ስኳር መዝኜ ሰጠኋቸው፣ አሁንም አላስረከብኩም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሊበን ገጠር ውስጥ፣ ቤታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፣ ከተማ መውጣት ትተዋል። የልጅ ልጆቻቸው እሳቱን ከበዋል፣ ጭሱ ያው የድሮው ጭስ ነው። ከዚያ ከልጅነቴ ምሽት ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የወታደሮቹን ልጆች ስም ረስቻለሁ፣ የአባቴን ድምፅ እንኳ አንዳንዴ ፈልጌ አጣዋለሁ። ያልጠፋኝ ያ ንዴት ነው፤ ከበር ኋላ ቆሜ ዛሬስ እንቢ ትል ይሆን እያልኩ የምጠብቀው። ስለዚህ የአባ ጋራን ቤት ንገሩን አልኳቸው፣ እስከ መጨረሻው እንድሰማው።

አዮ ተቆጡ። «አይነገርም! አንቺ አበላሸሽው» አሉ። «ጉድጓዱ ጋ ስደርስ እነዚህ ልጆች አያስቆፍሩኝም። ሶባ፣ ውሸት ነው ይሉኛል። ነገሌ ያለችው ባለሱቋ መቼ ተደበቀች ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ከእናቴ የተቀበልኩትን ሳላስረክብ ልሞት ነው፣ በአንቺ የተነሣ!»

ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ከእሳቱ ማዶ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ምን እንደምል ትጠብቃለች። አዮ ጡዬን እንደ እናቴ እወዳቸዋለሁ፣ ያን ቀንም እጃቸውን ይዤ ነበር። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳቸውም።